የቁራዎቹ ማልያ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቡድን በተጫወተ ቁጥር ከሜዳው ጥግ የማይጠፉ አንዲት ጠና ያሉ ሴት አሉ። ቀሚሳቸው ሁልጊዜ ደማቅ አበባ ያለበት ነው፤ ኮሌታቸው ላይ ክር የተጠመጠመበት መርፌ አይታጣም። ጥቁር ማልያ የለበሱት ልጆች ሲገቡ፣ ከሁሉ ቀድመው "አይዟችሁ ቁራዎቼ!" ይላሉ።

አዲሱ የስፖርት አስተማሪ ዛሬ አጠገባቸው ተቀመጠ። ለከርሞ ያሰበውን ቢጫ ማልያ በእጁ ይዟል።

"እማማ፣ ይሄን መርዶ የመሰለ ስም ማን አወጣላቸው?" አለ እየሳቀ።

"ተጋጣሚዎቻቸው ናቸዋ፣ ማልያውን አይተው። የሰፋሁት ግን እኔ ነኝ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከኳሷ ሳይነቅሉ። "ልጄ የመጀመሪያው አምበል ነበር። ጨዋታው ሳምንት ሲቀረው ሞተብኝ። ጓደኞቹ ማልያ የላቸውም፤ እኔ ደግሞ ለከል የተገዛልኝ ጣቃ ጨርቅ አለኝ። ቆራርጬ ሰፋሁላቸው።"

የአስተማሪው ዓይን አበባው ቀሚስ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ እጁ ግን ቢጫውን ማልያ ጃኬቱ ውስጥ ወሸቀው።

"ሰዉማ ለልጇ ከል እንኳ አልለበሰችም ብሎ አማኝ" አሉና ወደ ሜዳው ጠቆሙት። "ይኸው፣ እስከ ዛሬ እነሱ ለብሰውልኝ የለም እንዴ?"