እንድሄድ የተሳሉልኝ

የሩዝ ባለሙያ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አዳማ ነው፤ እኛ ቤት ሩዝ የሚታወቀው በኪሎ ተመዝኖ ከሱቅ ሲመጣ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ሰብል ተማርኩና ወረታ ተመደብኩ፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ሲዘሩ ለኖሩ ሰዎች ሩዝ እንዴት እንደሚዘራ ላስተምር። ገበሬዎቹ ጨዋ ስለሆኑ አንድ ቀን እንኳ አልሳቁብኝም። እኔ «በመስመር ዝሩ» እላለሁ፣ እነሱ «እሽ፣ ደግ ብለሻል» ይሉና በትነው ይዘራሉ። እንዲህ እየተከባበርን ስድስት ዓመት ሞላን።

ወረታ የደረስኩ ዕለት የገጠመኝን አልረሳውም። ከተማዋ መገንጠያ ላይ ናት። ከባሕር ዳር የመጣ መኪና ወይ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ወይ ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል፤ ሰውም ወርዶ ሻይ ይጠጣና መንገዱን ይቀጥላል። ሻንጣዬን ይዤ ከቆምኩበት አንድ ባለባጃጅ መጥቶ «ወዴት ነሽ?» አለኝ። «እዚሁ ነኝ» አልኩት። «ገባኝ» አለና ሻንጣዬን ጭኖ ቀጥታ መናኸሪያ ወሰደኝ፤ የጎንደር መኪና በር ላይ አወረደኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁ። በኋላ ግን የከተማው ሰው ሁሉ ስለ እኔ ያለው ሐሳብ ከዚያ ባለባጃጅ ሐሳብ እንደማይለይ ሲገባኝ ሳቁ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ።

የተከራየሁት አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነበር። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሱቃቸውን ራሳቸው ከፍተው ራሳቸው የሚዘጉ ሙስሊም እናት ናቸው፤ እትየ እላቸዋለሁ። ከሥራ ስመለስ ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁኛል። አንደኛው «እናትሽ ደህና ናቸው?» ነው። ሁለተኛው «እንግዲህ መች ትሄጃለሽ?» የሚል ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ሌላ አከራይ ቢሆን ክፍሉን ፈልጎት ነው እል ነበር። እሳቸው ግን ይህን ጠይቀው ሲያበቁ ሁለት ትኩስ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልለው እጄ ላይ ያኖራሉ፤ ስለዚህ ልቀየማቸውም አልችልም።

ሜዳው ላይ ያለው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የምከታተለው የገበሬዎች ቡድን መሪ ቄስ ናቸው፤ ጠዋት ቀድሰው ከሰዓት በኋላ ሩዛቸው ውስጥ የሚውሉ አዛውንት። ክረምት ላይ ሩዙ በደቦ ይታረማል። ሴቶቹም ወንዶቹም ውኃው ውስጥ ይሰለፉና ጎንበስ ብለው፣ እየተነቃቀፉና እየተሳሳቁ ሲነቅሉ ይውላሉ። እኔ ስመጣ አባ ነጭ ፕላስቲክ ወንበር በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡና ደረቁ ድንበር ላይ ያስቀምጡልኛል። «ተቀመጭ» እባላለሁ። እቀመጣለሁ። ሃያ ሰው ጭቃ ውስጥ ሲለፋ ጃንጥላ ዘርግቼ የማይ እኔ ብቻ ነኝ። «ልግባና ላግዛችሁ» ካልኩ «ውይ፣ አንችማ እንግዳ አይደለሽ?» ይሉኛል። በስድስተኛው ዓመትም እንግዳ ነበርኩ። ሜዳው ላይ ከእኔ በኋላ የተወለዱ ጥጆች አድገው ወልደዋል፤ እነሱን እንግዳ የሚላቸው የለም።

እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ ገብቼ ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት። ሱሪዬን ሰብስቤ፣ አነጋገሬን አሳምሬ፣ እንዴት እንደሚታረም ላሳያቸው። ገና ሦስት እርምጃ ሳልሄድ አልቅት ባቴ ላይ ተጣበቀ። ጮህኩ። አለቀስኩ። «እናቴ ጋ ውሰዱኝ» አልኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አንዲት ሴት አልቅቱን በጨው አስለቀቀችልኝና እግሬን አጥባ ድንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ። ወንበሩ የመጣው በማግሥቱ ነው።

ዝውውር የጠየቅሁት በሁለተኛው ዓመት፣ ከዚያ ወንበር ላይ ተናድጄ በተነሣሁበት ቀን ነው። ማመልከቻውን ጽፌ አስገባሁ፤ እሱም እንደ ማንኛውም ማመልከቻ ጠፋ። ንዴቴ ሲበርድ እኔም ረሳሁት።

ባለፈው ክረምት መሥሪያ ቤታችን ሥልጠና አዘጋጀ፤ «የባለቤትነትና የቤተሰባዊነት ስሜት በሥራ ቦታ» የሚል። አሠልጣኙ «ሰው የእኔ የሚለው ቦታ ሲኖረው ውጤታማ ይሆናል» አለን። ይህን ሲለን የማናችንንም ስም አያውቅም ነበር፤ አንገታችን ላይ ያንጠለጠልነውን ወረቀት እያነበበ ነው የሚጠራን። ከዚያ ብጣሽ ወረቀት አደለና «የእኔ ነው የምትሉትን ቦታ በነፃነት ጻፉ» አለ። ወረቀቱን እየዞሩ የሚሰበስቡት ኃላፊያችን ስለነበሩ ሁላችንም በነፃነት «መሥሪያ ቤቴ» ብለን ጻፍን። አሠልጣኙ አንድ በአንድ አነበበና ልቡ ተነካ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ በሌላ ወረዳ አላየሁም አለ።

በሻይ ሰዓት ኃላፊያችን ለብቻዬ ጠርተው ደብዳቤ ሰጡኝ። የጠፋው ማመልከቻ ተገኝቶ ዝውውሬ ተፈቅዷል፤ አዳማ። «እንኳን ደስ አለሽ» አሉኝ። «እስከ ሰኞ ድረስ ተቀብያለሁ ብለሽ ፈርሚ። ካልፈረምሽ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

ብስኩት በእጄ ይዤ ቆምኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አላለኝም። መሄድ እንደማልፈልግ ያወቅሁት እዚያው፣ ብስኩቱን ሳልጨርስ ነው። ውኃው ሲሞላ ሜዳው ከጣና ጋር አንድ የሚሆንበትን ወር፣ እትየን፣ ሰምተውኝ የማያደርጉትን እነዚያን ሰዎች ጥዬ መሄድ አልፈለግሁም። ግን በምን አፌ ልናገር? ስድስት ዓመት ሙሉ እንግዳ ነሽ ያሉኝን ሰዎች «ልቅርላችሁ ወይ?» ብዬ ልለምን? ኩራት የሚባለው ነገር አለብኝ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «አትሂጅ» ካለኝ እቀራለሁ፤ ካልሆነ ሰኞ ፈርሜ እሄዳለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

መጀመሪያ ለእትየ ነገርኳቸው። የሚለኩትን ጨርቅ አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እንባቸው መጣ፤ የደስታ ነው። ወዲያው ለጎረቤቱ ሱቅ ነገሩ፣ ያም ለቀጣዩ ነገረ። እኔ ክፍሌ ሳልደርስ ዜናው መናኸሪያ ደርሷል።

በማግሥቱ ሜዳ ወረድኩ። አባ ወንበሩን እንዳስቀመጡልኝ ነገርኳቸው። ወደ ሰማይ አይተው «ተመስገን» አሉ፤ ቀጥለውም ወደ ውኃው ዞረው አወጁት። ሃያ ሰው ቀና ብሎ እልል አለ። ብዙ ሠርግ በልቻለሁ፤ እንዲህ ያለ እልልታ ግን ሰምቼ አላውቅም። ከፋኝ፤ በጣም ከፋኝ። አገር ሙሉ ሲገላገለኝ እንዲህ የሚደሰት ከሆነ ምነው ቀደም ብለው በነገሩኝ አልኩ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አመሰገንኳቸው።

እሑድ እትየ ግቢ ውስጥ ሸኙኝ። የሜዳው ሰዎች ዳቦ ይዘው መጡ፣ የሱቅ ጎረቤቶች ለስላሳ አመጡ፣ ጋቢ አለበሱኝ። ከዚያ ተራ በተራ እየተነሡ ተናገሩ። «ልጃችን ናት» አሉ። «ከእኛ አንዷ ናት» አሉ። እኔም ጋቢዬን ለብሼ አሰብኩ፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ እንዲህ የተባለልኝ እኔ ብቻ ነኝ። ከእነሱ አንዷ ለሆነችው ማንም ተነሥቶ ይህን አይናገርላትም፣ ምን አስፈልጎ? ሰው ቆሞ ከእኛ አንዷ ናት ካለልሽ መኪናሽ ሊነሣ ነው ማለት ነው። «አትሂጅ» ያለኝ የለም።

በመጨረሻ አባ ተነሡ።

«እንግዲህ አሁን ይነገርሽ» አሉ። «ያን ጊዜ፣ አልቅቱ የያዘሽ ዕለት፣ እናቴን እያልሽ ስታለቅሽ አንጀታችንን በላሽው። የሰው ልጅ ከናቷ ተነጥላ ምን በወጣት ከኛ ጋራ በጭቃ ትንገላታ አልን። ለጣራ ገዳም ጃንጥላ ተሳልን፤ በሰላም ለናቷ አብቃልን ብለን። እስክትሄድም እንዳትጉላላ አደራ ተባብለን ነበር። ይኸው ደረሰ። ጃንጥላውን ትናንት ወስጀ አግብቻለሁ።»

እትየ ከወዲያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም በየጁምዓው ዱዓ ሳደርግ ነበር» አሉ። «መች ትሄጃለሽ ስላት ፊቷ ይለወጣል። ናፍቆት ነው የሚጎዳት እል ነበር።»

ፊቴ የሚለወጠው በጥያቄው ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ አልተቀበሉኝም ብዬ ቂም ስቋጥር፣ ሁለት ሃይማኖት ተባብሮ እኔን ከፎገራ ለማስወጣት ሲጸልይ ኖሯል። ያውም በፍቅር። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ መጣ፣ ሁለቱም አልቆም አሉ። እነሱም ሲያዩኝ ተሯሩጠው ትከሻዬን ያዙና «አይዞሽ፣ ነገ እኮ ነው፣ ነገ ከናትሽ ቤት ነሽ» እያሉ አጽናኑኝ።

«መሄድ አልፈልግም» አልኩ።

ትከሻዬን የያዙት እጃቸውን አነሡ።

«እንዴት ያለ ነገር ነው?» አሉ አባ። «እናትሽሳ?»

«እናቴ ደህና ናት። በየበዓሉ እሄዳለሁ። በሦስተኛው ቀን መች ትመለሻለሽ ትለኛለች። እኔ እዚህ ነው መሆን የምፈልገው።»

«ታዲያ እስተዛሬ ለምን አልተናገርሽም?»

«እንግዳ ነሽ ስትሉኝ ምን ልበል አባ?»

አባ ከልባቸው ተቆጡ። እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። «ጃንጥላው እኮ ገብቷል» አሉ። «የገባ ስለት ይመለሳል ወይ? ሄጀ ምን ልበል? ልጅቱ ሐሳቧን ለወጠች ልበል?»

ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት ስለ እኔ አልነበረም። የሰመረ ስለት ባለቤቱ አልፈልግም ሲል ምን ይደረጋል በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ፤ ዳቦው እስኪያልቅ ድረስ። ያን ጊዜ አልቅቱን ያስለቀቀችልኝ ሴት ናት መፍትሔ ያመጣችው። «ለናቷ አብቃት ነው እንጅ ያልነው እዚያው አስቀራት አላልንም። በየበዓሉ ስትሄድ ደርሷል ማለት ነው» አለች። ሌሎቹ ተስማሙ። አባ አልተስማሙም፤ በትራቸውን አንሥተው ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። እትየም ሌላ ነገር ነበረባቸው። «ክፍሏን ለአንድ የባንክ ሠራተኛ ሰጥቻለሁ፤ ነገ ይገባል» አሉኝ። «ቃሌን ላጥፍ አልችልም። ዕቃሽን ወደኔ ሳሎን አስገቢ።» ይኸው እስካሁን እዚያው ነኝ። መብራት ሳላጠፋ ከወጣሁ ሱቃቸው ድረስ ጠርተው ይቆጡኛል።

ሰኞ ለኃላፊያችን ዝውውሩን እንደማልቀበል ጻፍኩ። ዝውውር የመለሰ ሠራተኛ አይተው ስለማያውቁ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ፊታቸው በራ። በሪፖርታቸው ላይ «ሥልጠናው በሠራተኛው ላይ የቤተሰባዊነት ስሜት መፍጠሩ በተግባር ተረጋግጧል» ብለው አሰፈሩኝ።

ማክሰኞ ሜዳ ወረድኩ። አባ ሰላምታዬን በግማሽ አፋቸው መለሱልኝ፤ ወንበር የሚባል ነገር አላመጡም። የምሆነው ጠፋኝና ጫማዬን አውልቄ ውኃው ውስጥ ገባሁ። አይሆንም ያለኝ የለም፤ ያቺ ሴት ብቻ ትንሽ ተጠግታ ቦታ ሰጠችኝ። ሩዝ የሚመስል ሣር አለ፤ ለጋ ሳለ ከሩዙ የሚለየው ቅጠሉ ከአገዳው በሚገጥምበት ቦታ ብቻ ነው። ይህን እኔው ራሴ በሥዕል አስተምሬአቸዋለሁ። ሥዕሉ ላይ ግን ጭቃ የለም። «አንች፣ እሱ ሩዝ ነው» አለችኝ ሴትዮዋ። ትንሽ ቆይታ ደግማ አለችኝ። በሦስተኛው የነቀልኩትን ከእጄ ነጥቃ መልሳ ተከለችው፤ «ስድስት ዓመት ምን ስታይ ነበር?» ብላ።

የሚቀጥለው ማሳ ላይ የሚያርም ሰውዬ ወገቡን ሊያሳርፍ ቀና አለ። ከርብ ወንዝ ማዶ የመጣ ነው መሰለኝ፣ አያውቀኝም። «ያች ሩዛችሁን የምትፈጀው ማናት?» ብሎ ጠየቀ።

ሴትዮዋ ቀና እንኳ አላለችም። «ምን እናርጋት» አለች።

አባም ከድንበሩ ላይ ሆነው፣ ቁጣቸው ሳይበርድ፣ «ምን እናርጋት» አሉ።

ሰውዬው ገባውና ወደ አረሙ ተመለሰ። ማናት ለሚለው መልሱ ይህ ብቻ ነበር፤ ሌላም የጨመረ የለም። እኔ ይበልጥ ጎንበስ ብዬ ማረሜን ቀጠልኩ። እንባዬ ደግሞ መጥቷል፤ ካዩኝ ናፍቋት ነው ብለው ሁለተኛ ስለት እንዳይሳሉልኝ ፈራሁ።