በወንድሜ የግራ ዓይን ላይ የተያዘ ውርርድ

አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ባጃጅ የምቀይርበት ቦታ ላይ አንድ የውርርድ ቤት አለ። ጠዋት ወደ ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ስሄድ፣ ማታም ታቦር ወዳለው ቤታችን ስመለስ በበሩ አልፋለሁ እንጂ ገብቼ አላውቅም ነበር። በእኛ የጴንጤ ቤት ውርርድ ከአረቄ እኩል የተወገዘ ነው። የወንድሜ ግጥሚያ ከተነገረ ወዲህ ግን ዓይኔ ሳላዘው ወደ በሩ ይሄድ ጀመር። የቤቱ ባለቤት ከአውሮፓ ኳስ ዝርዝር ጎን አንድ ካርቶን ሰቅሎ በማርከር ጽፎበታል፤ የወንድሜ ኦድ 1.05፣ የተጋጣሚው 12። ለማያውቅ ሰው ልተርጉመው፦ በወንድሜ ላይ መቶ ብር ያስያዘ ሰው ቢያሸንፍ ትርፉ ለማኪያቶ እንኳ አይበቃም። በተጋጣሚው ላይ ያስያዘ ግን አሥራ ሁለት እጥፍ ይታፈስለታል። ያ የሚሆነው ጤነኛ ሰው ሁሉ ተጋጣሚው እንደሚሸነፍ ሲያምን ነው።

ማመኑም አይፈረድበትም። ወንድሜ ጢም ሳያበቅል ጀምሮ ቦክሰኛ ነው። ተጋጣሚው ደግሞ በስልክ ቪዲዮ ጡንቻውን እያሳየ ዝነኛ የሆነ የጂም አሠልጣኝ ነው። ክንዱ የእኔን ጭን ያክላል፤ ለመስተዋት ካልሆነ በቀር ቡጢ ለማንም ሰንዝሮ አያውቅም። ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሆቴል እንግዳ ለመሳብ ብሎ ሁለቱን አገናኛቸው። ወንድሜ ፖስተሩን ቤት አምጥቶ ዘረጋልንና "እሱንማ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጥለው" አለ። እኔም እናቴም አልሳቅንም።

ያልሳቅነው የዓይኑን ነገር ስለምናውቅ ነው። የግራ ዓይኑ ውስጠኛ ሽፋን ሳስቷል፤ አንድ ጠንካራ ምት ካረፈበት ተቀድዶ ብርሃኑ እንደማይመለስ ሐኪሙ ነግሮታል። ይህን የምናውቀው እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ወንድሜ ቦክስን ሊተው ወስኗል፤ ግን "ይቺን ብቻ" አለን። "በከተማዬ ሰው ፊት አንድም ቀን ዋናው ግጥሚያ የእኔ ሆኖ አያውቅም። ሰውዬው እንደሆነ ፊቴ ድረስ አይደርስም።" እኔ አመንኩት። እናቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ካርቶኑ መለወጥ ጀመረ። አሥራ ሁለት የነበረው ዘጠኝ ሆነ። ከቀናት በኋላ ስድስት። ወንድሜ አልታመመ፣ ልምምድ አላቋረጠ፤ ጡንቸኛውም በአንድ ሳምንት ቦክሰኛ አልሆነ። እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፤ ያለ ምክንያት የሚንቀሳቀስ ቁጥር እንዲሁ አላልፍም። አንድ ማታ ይሉኝታዬን ውጬ ገባሁና ባለቤቱን ለምን እንደሚቀንሰው ጠየቅሁት።

"እኔ ምን አደርጋለሁ፣ እህቴ? ሰው በዛኛው ላይ ሲያስይዝ እኔ አወርዳለሁ።"

"ለምን ያስይዛሉ?"

ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ የማን እህት እንደሆንኩ የገባው ይመስለኛል። ማርከሩን ከደነና "እግዜር ይማረው" አለኝ።

"የታመመ ሰው የለብንም" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሰዉን ማየት ጀመርኩ። አትክልት የምትሸጥልን ሴትዮ፣ አንድ ድንች በነፃ ሰጥታ የማታውቅ፣ ወንድሜ በሄደ ቁጥር ሳይጠይቃት ካሮት በፌስታሉ ትጨምርለታለች። ባጃጅ ነጂዎች ከርቀት ሲያዩት ፍጥነት ይቀንሳሉ። መንገድ ላይ ስማቸውን የማናውቃቸው እናቶች አቁመው ይስሙታል፤ ጉንጭ ማፈራረቅ የለም፣ በቀኙ በኩል ብቻ። በግራው በኩል እጃቸውን ያነሡና ሳይነኩት ይመልሱታል። አንድ ቀን አብረን ስንሄድ አጠገባችን ያለፉት ሰዎች ሁሉ ፊቱ ላይ አንድ ቦታ አይተው ዓይናቸውን ሰበሩ። ወንድሜ "ሰዉ ምን ነክቶታል? የራሴ ለቅሶ ላይ የመጣሁ አስመሰሉኝኮ" ብሎ ሳቀ። እኔ ፈራሁ። የሚጠሉን ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ አልፈራም ነበር፤ ሁሉም የሚያዩት በፍቅር ነበር።

ግጥሚያው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ወደ ሆቴሉ ለመሄድ ባጃጅ ልቀይር ስወርድ የውርርድ ቤቱ በር በሰው ተጨናንቋል። ካርቶኑ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ሆነዋል። ልዞር ስል ከውስጥ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

እናቴን ቤት ትቻት ነው የመጣሁት። በጉልበቷ ሕመም ምክንያት ከደጃፍ አትወጣም። ግን ድምፁ የእሷ ነው፤ በቋንቋዋ በሲዳሙ አፎ "ማጋኖ" እያለች እግዚአብሔርን ስትማጸን ከማንም ጋር አላምታታትም። ሰው ገፍቼ ገባሁ። አንድ ጎልማሳ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል፤ የተሰበሰበው ወንድ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ድምፁ ወደ አማርኛ ዞረ፦ "ወገኖቼ፣ የጸሎት ርዕሴ የልጄ የግራ ዓይን ነው። አንድ ቢመታበት ይጠፋል። እንዲሸነፍልኝ ጸልዩ። ቶሎ ይሸነፍና ይተወው፤ ዓይኑ ይትረፍልኝ።" ቅጂው አለቀ። ከመካከላቸው አንዱ "አሜን" አለና ወደ ቲኬት መቁረጫው መስኮት ሄደ። አላሾፈም። ከልቡ ነው አሜን ያለው፤ እኔን ያራደኝም ይኸው ነው።

የእናቴ የጸሎት ኅብረት ደንብ የታወቀ ነው። ከጸሎት በፊት እያንዳንዱ ርዕሱን ይናገራል፤ መምጣት ያልቻለ ድምፁን ቀድቶ በስልክ ግሩፑ ይልካል። ርዕስ ደግሞ አይሸፈንም። እናቴ "ለጌታ በዘወርዋራ አይነገርም" ትላለች። ያን የሰማች እህት፣ ብዙ ሰው ቢጸልይ ይሻላል ብላ ለሌላ ቤተ ክርስቲያን እህት ታስተላልፋለች፤ ያቺም ለሌላዋ። ጸሎት ይዞ መቅረት ንፍገት ነው። በዚህ መሐል የአንዷ ልጅ ወይም የአንዷ ባል ሰማ። ከዚያ በኋላ ለማንም መንገር አላስፈለገም።

ሆቴሉ ለወንድሜ ልብስ መቀየሪያ የሰጠው የአንሶላ ማጠቢያ ክፍሉን ነበር። እጁ ተጠቅልሎ አልቋል።

"ዓይንህን ያውቃሉ" አልኩት።

"ማን?"

"ሁሉም።"

"ሰውዬውም?"

"እሱ እንዴት ሳይሰማ ይቀራል?"

"ማን ነገራቸው?"

እማዬ መሆኗን አልነገርኩትም። ጓንቱን እንዲያስርለት ወደ ረዳቱ እጁን ዘረጋ። "ማወቅ ሌላ፣ መምታት ሌላ" አለ።

ብዙ የስፖርት ጨዋታ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ ግን አልገጠመኝም። ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል፤ የሚጮህ የለም። ወንድሜ በመጀመሪያው ዙር ሰውዬውን እንደ ልጅ ተጫወተበት፤ ቡጢው ባረፈ ቁጥር ከሕዝቡ የሚሰማው የሐዘን ትንፋሽ ነው። ዞር ብዬ ሳይ አንዳንዶች ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ማን ለቲኬቱ፣ ማን ለዓይኑ እንደሚጸልይ መለየት አልቻልኩም፤ ለሁለቱም የሚጸልይ አይጠፋም። ወንድሜ በዙሩ መጨረሻ ወደ ማዕዘኑ ሲመለስ ሰዉን ዙሪያውን አየ። የገዛ ከተማው እንዲሸነፍ እንደሚለምን የገባው ያኔ ነው።

በሁለተኛው ዙር ጡንቸኛው ግራ እጁን ረሳው። በር እንደሚያንኳኳ ሰው በቀኝ እጁ ብቻ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ደጋግሞ ሰነዘረ። ይስታል፤ እንደገና ይሰነዝራል። ወንድሜ በዝምታው ፈዝዞ ነበር መሰለኝ፣ አንዷ ደረሰች። አልወደቀም። ጓንቱን ወደ ፊቱ አነሣና ተጋጣሚው ወደሌለበት ዞሮ ቆመ። ዳኛው አቅፎ ያዘው።

ያኔ ከየወንበሩ፣ በዝቅታ፣ "ጌታ ይመስገን" ተባለ። ከኋላዬ አንዲት ሴት በደስታ አለቀሰች። ተሸነፈ፤ ዓይኑም ተረፈ ብላ ነው። ያን ቀን ያንን ሁሉ ሰው፣ እናቴን ጨምሬ፣ ጠላሁ።

ዓይኑ አልተረፈም። ሐኪሙ ይህን ነገረን፤ ቀኙንም ከመረመረ በኋላ ያም ሽፋን እየሳሳ ስለሆነ ከእንግዲህ ጥንቃቄ እንዲያደርግ አስጠነቀቀ። እናቴ ሁሉንም ያንኑ ማታ ከእኔ በስልክ ሰምታ፣ በማግስቱ በዱላ እየተደገፈች ወደ ሆስፒታሉ መጣች። አብረዋት የመጡት የጸሎት እህቶቿ ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። ምንም አልደበቀችውም፤ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ እንዲሸነፍ ያስጸለየችው እሷ መሆኗን ነገረችው። "እኔ ለጌታ ነው የተናገርኩት፣ ልጄ" አለች።

ፊቱ በፋሻ ተሸፍኖ ስለነበር ምን እንደተሰማው ማየት አልቻልኩም። "የቀኙን ለማን ነገርሽ?" አላት።

"ገና ነኝ።"

"አትንገሪ።"

"ለጌታስ?"

እጇን በዳበሳ ፈልጎ ያዘና "በልብሽ" አላት።

እናቴ በሕይወቷ ድምፅ ሳታወጣ ጸልያ አታውቅም። አንገቷን ደፋች፤ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ሲጀምር በሌላኛው እጇ አፏን ያዘች። እኔ ተነሣሁና በሩን ዘጋሁት።