ሽንታሟ መኪና ሙሽራ ልታመጣ ስትሄድ

ባለፈው ሳምንት ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቢቸና ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጋቢና ደረሰኝ። ደጀንን እንዳለፍን ሌላው ተሳፋሪ ስልኩን ሲነካካ የኔ ዓይን ግን ከዳሽቦርዱ አልነቀል አለ። ሾፌሩ ታዘበኝና «እህት፣ ነዳጅ ያለቀ መሰለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። የማየው ነዳጁን ሳይሆን የሞተሩን ሙቀት የምታመለክተውን መርፌ ነበር። ይህ አመል የያዘኝ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በታላቅ ወንድሜ በደሳለኝ ሰርግ ነው።

ሙሽራዋ የሞጣ ልጅ ናት። ደሳለኝ «የማመጣት በአባባ መኪና ነው» ሲል ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። አባባ የምንላቸው አያታችንን ነው። መኪናዋ በጉልምስናቸው የገዟት፣ ክብ ክብ መብራት ያላት ሰማያዊ የቤት መኪና ናት። የሞተሩን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ከተሰካበት ቀዳዳ ውሃ ታንጠባጥብ ስለነበር የቆመችበት መሬት ደርቆ አያውቅም። ሰፈሩ «ሽንታሟ» ይላታል። አባቴ ከዚህ ቀልድ ለመገላገል ለቁራጭ ብረት ገዢዎች ሊሸጣት ቆርጦ ነበር።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ሞጣ ደርሳ ሙሽራዋን ይዛ ከተመለሰች ትኑር። መንገድ ላይ ከቆመች ግን በማግስቱ ትሸጣለች።»

አባባ ኮፈኗን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ። ያን ሳይ አላስቻለኝም፤ «እኔ እጠግናታለሁ!» አልኩ። በቤታችን ቧንቧም ሆነ ሶኬት ሲበላሽ የምጠራው እኔ ስለነበርኩ ማንም አልሳቀብኝም።

ሞተሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ሴንሰሩን ፈታሁት። አውራ ጣት የሚያክል ናስ ሲሆን፣ ዙሪያውን ዝጎ ተበልቷል። ፎቶ አንስቼ ሞጣ መለዋወጫ ለሚሸጡት ለሐጂ ኑሩ ላክሁላቸው። ወዲያው ደወሉ።

«ይቺ መኪና እስካሁን በሕይወት አለች?»

«አለች፣ ሐጂ። ሙሽራ ልታመጣ እናንተ ጋ ትመጣለች።»

«ወይ ጉድ! እንግዲያው ዕቃው የኔ የሰርግ ስጦታ ይሁን» አሉና በሚኒባስ ሾፌር እጅ፣ በፌስታል ጠቅልለው ላኩልኝ።

የቧንቧ ሥራ መሰለኝና የአዲሱን ሴንሰር ጥርስ በነጭ የቧንቧ ቴፕ ደጋግሜ ጠመጠምኩት። አንዲት ጠብታ እንኳ አልወጣችም! በደስታ አጨበጨብኩ። ነገር ግን ሞተሩ ሞቆ ሞቆ ኮፈኑ ሲያቃጥል መርፌዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ለሐጂ ደውዬ የሠራሁትን ስነግራቸው ሳቃቸው ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ ምንም አልቀረው።

«ልጄ፣ ቧንቧ ነው እንዴ የላክሁልሽ? ሴንሰሩ የሞተሩን ብረት ካልነካ መርፌዋ በምን ታውቃለች? ቴፑን ላጪና አብራው የተላከችውን የመዳብ ቀለበት አስገቢ። መጀመሪያ በእሳት አግያት፤ ስትለሰልስ ጥብቅ ብላ ትቀመጣለች።»

ቀለበቷን ከሰል ላይ አግዬ ውሃ ውስጥ ስነክራት ቸስ አለች። ገጠምኳት፤ አባባ ሞተሩን አስነሱ። ሥሯን በደረቅ ጨርቅ ብጠርግ ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ቆይታ ደግሞ መርፌዋ፣ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ቀስ እያለች፣ እስከ መሃል ተነሳች። ጩኸቴን ሰምታ ጎረቤታችን «ምን ሆናችሁ?» እያለች መጣች።

«ምንም አልሆንን» አሉ አባባ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በአፍንጫዬ አሽትቼ ነው የነዳሁት። ይቺ ልጅ ለመርፌ ታለቅሳለች።»

ሰርጉ በጥር ነበር። ከቢቸና ስንወጣ የጤፍ ጭድ ክምሩ ግራና ቀኝ ወርቅ መስሏል። ደብረ ወርቅ ላይ እሸት ሽምብራ ገዛን፤ ደሳለኝ ሱፉን እንዳያቆሽሽ እኔ እየፈለፈልኩ በመስኮት በኩል አጎረስኩት። ሞጣ ያለ አንዳች ችግር ገባን።

ጉዱ የመጣው ስንወጣ ነው። ሙሽሮቹ ከኋላ፣ እኔ ከአባባ ጎን ተቀምጠን ሳለ የሞጣ ጎረምሶች ፊታችን ሆነው መጨፈር ጀመሩ። መኪናዋ በሰው እርምጃ ስትጎተት ነፋስ አጣች። መርፌዋ መሃሉን አልፋ ወደ ቀዩ መስመር ተጠጋች።

«አባባ፣ ሞተሩን ያጥፉት!»

«ሙሽራ ጭኜ? በሞጣ ሰው ፊት?»

«ከፈላች ቢቸና አትደርስም! መርፌዋን ይዩአት!»

ሽቶ እንደሚያሸት ሰው አፍንጫቸውን ነፋ አደረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው መርፌዋን አዩ፤ አዩኝም። አጠፉት።

አባቴ ከኋላችን ከነበረው የአጃቢ መኪና ዘሎ ወርዶ «ቆመች?» እያለ ሲሮጥ ሰማሁ። ግን መልስ የሰጠው ከጨፋሪዎቹ አንዱ ነው፤ «የኛ ሙሽራ አትቆምም! ግፉ!»

ትከሻቸውን ሲሰጧት መኪናዋ ያለ ድምፅ ተንሸራተተች፤ እልልታው ከቅድሙ በለጠ። ሙሽራዋ ቬሏን አፏ ላይ ይዛ ትስቃለች። ደሳለኝ ዞር ብሎ በኋላው መስታወት አየና «ኧረ አባዬ ነው!» አለ። እውነትም አባቴ ነበር፤ ከረባቱ ወደ ጀርባው ዞሮ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ከጎረምሶቹ እኩል ይገፋል። ከከተማው ዳር ስንደርስ መርፌዋ ወረደች። አባባ አስነሱና ነፋሱን እየቀዘፍን እስከ ቢቸና በረርን።

ማታ አንድ እንግዳ «መኪናዋ ሞጣ ላይ ቆማ ነበር አሉ» ቢል አባቴ ብርጭቆውን አስቀምጦ «መች ቆመች? እኔው እየገፋኋት!» አለ።

ያኔ አባቴን ያሸነፈችው የኔ የመዳብ ቀለበት መስላኝ ብዙ ኮርቼ ነበር። አሁን ሳስበው ቀለበቷ እስከ ሞጣ አደረሰችን እንጂ የአባቴን ልብ አላገኘችም። መኪናዋ ልቡን ያገኘችው ትከሻውን የሰጣት ጊዜ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ከሚኒባሱ ስወርድ መናኸሪያው በር ላይ አባቴ በሰማያዊዋ መኪና መጥቶ ይጠብቀኝ ነበር። አባባ ከጎኑ ተቀምጠዋል። ሮጬ ከኋላ ገባሁና በደስታ በሩን ስወረውረው አባቴ ገና ሳይስመኝ ዞሮ ተቆጣ፦

«ኧረ በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው፣ አንቺ ልጅ!»