ያልቀመስኩት ክትባት

መርፌ እፈራለሁ። የምፈራው ግን ወደ እኔ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ወደ ሌላው ሰው ሲሄድ እንደ እኔ ያለ ደፋር አይገኝም። ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በሰቆጣና በዙሪያዋ የፈንጣጣ ክትባት እየዞርኩ ስሰጥ የነበረኝ ድፍረት ይኸው ነበር።

ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ለጥቂት ቀናት ስንሠለጥን፣ ተሰልፈን እርስ በርሳችን እንድንከታተብ ታዘዝን። ተራዬ ሲቃረብ ሆዴን ይዤ ወጣሁ። የተመለስኩት ሁሉም እጅጌውን ካወረደ በኋላ ነው። «ተከተብክ?» ሲሉኝ «አዎን» አልኩና ክንዴን አሸት አሸት አደረግሁ። እንዲያውም «ትንሽ ያቃጥላል» ማለቴ ትዝ ይለኛል። መዋሸት ከጀመርኩ ማሳመር እወዳለሁ።

ሰቆጣ ተወልጄ ያደግሁ የቄስ ልጅ ስለሆንኩ፣ ሕዝቡን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም እያልኩ እኩራራ ነበር። ወደ ፃግብጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ደብር ፈንጣጣ ገባ ተባለ። እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ጠብቄ ቅጥሩ በር ላይ ቆምኩ። የክትባቱን ብልቃጥ ከቴርሞሱ አወጣሁ፤ ባለ ሁለት ጥርሱን መርፌ ከፍ አድርጌ አሳየሁ፤ ከዚያም ንግግር ጀመርኩ። ስለ ንጽሕና ተናገርኩ፣ ስለ ሥልጣኔ ተናገርኩ፣ ስለ ድንቁርናም አልቀረኝም። አንድ ሽማግሌ ካህን አዛጉና አፋቸው ላይ አማተቡ።

ከፊት የቆመችው በዕድሜ ታላቅ እህቴን የምታክል ሴት ነበረች። ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጅ አዝላለች።

«እህቴ፣ ከአንቺ እንጀምር። ልጁን አውርጂው» አልኳት።

«የመጀመሪያ ልጄን የአገራችን ከታቢ ከበሽተኛ ቁስል ወስዶ ወጋልኝ» አለች። «በዚያው ሞተብኝ። ያን ጊዜ ክንድህን አሳየኝ አላልኩትም። አሁን የቀረኝ ይኼ አንድ ነው። ወንድሜ፣ ጠላ የሚቀዳ ሰው እንኳ አስቀድሞ ይቀምሳል። እስቲ ያንተን ክንድ አሳየኝ።»

እኔ ራሴ እቤታችን እንግዳ ሲመጣ ጠላ ቀድቼ ያደግሁ ነኝ። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ሳልቀምስ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ይኸው ልማድ ለክትባትም እንደሚሠራ እዚያ ከቆምነው መካከል ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያን ጊዜም ቢሆን እውነቱን መናገር እችል ነበር። እኔ ግን እጅጌዬን ሰበሰብኩና፣ ድሮ ቡግንጅ ወጥቶብኝ የተወውን ጠባሳ አሳየኋት።

ጠጋ ብላ አየችው። «ይኼ ቡግንጅ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ጎረቤቶቿ ዞር ብላ በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ተናገረች። ቋንቋውን የማልሰማ መስሏት ነበር። «እሱ የፈራውን ለልጄ ሊሰጥ ነው የመጣው» ነው ያለችው። ልጇን ጠበቅ አድርጋ አዘለችና ሄደች። ሌሎቹም ተከተሏት። በሩ ላይ የቀረነው እኔ፣ ቴርሞሴና ያዛጉት ካህን ነን።

አፈርኩ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ክትባቱን በጠበጥኩ፤ ክንዴንም ገለጥኩ። ስንት ጊዜ እንደወጋሁት አላውቅም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስነቃ ካህኑ ፊቴ ላይ ውሃ እየረጩብኝ ነው። ጠበል ይሁን ተራ ውሃ አልጠየቅኋቸውም።

በሳምንቱ ክንዴ አብጦ፣ ቁስሉ መግል ቋጥሮ፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጠኝ ወደዚያው ደብር ተመለስኩ። መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች በሽታው ከሴትዮዋ ቤት አጠገብ እንደገባ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ እስክደርስ ድረስ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ደህና ሆኖ እንዲጠብቀኝ። ደጇ ስደርስ ጀርባዋ ላይ ሆኖ የነጠላዋን ጫፍ ይጠባል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። እንባዬ መጣ፤ ከትኩሳቱ ነው ብዬ ጠረግሁት።

በዚያን ቀን ንግግር አላደረግሁም። እጅጌዬን ብቻ ሰበሰብኩ።

ቁስሉን ጎንበስ ብላ አየችው። «መቼ ነው?»

«ባለፈው እሑድ። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ።»

«ከዚያ በፊት አልቀመስክም?»

«አልቀመስኩም። ዋሽቼሻለሁ። መርፌ እፈራለሁ።»

ማዘያዋን ፈታች፤ ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ክንዱን ገለጠችና ያዘችልኝ።

መርፌውን ብልቃጡ ውስጥ ነክሬ አነሳሁ፤ ክንዱ ጋ ስደርስ መልሼ ነከርኩት። ሌላ ሰው ስወጋ ስፈራ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

«አይዞህ» አለች።

ልጇን መስሎኝ ቀና ስል፣ የምታየው እኔን ነበር።