ብስክሌታቸውን እስከ አስፋልቱ የሚገፉት ጋሽ ከድር

ጋሽ ከድር አረፉ ሲሉኝ «የትኛው ጋሽ ከድር?» ብዬ ጠየቅሁ። በሰፈራችን ሌላ ጋሽ ከድር የለም። የነገረችኝም የገዛ ልጃቸው ፈቲያ ነበረች። ሻርፗ ከራሷ ተንሸራቶ ሱቄ በር ላይ ቆማ «እትዬ ብርቄ፣ አባቴ...» አለችኝ። እኔ ግን ጭንቅላቴ አልቀበል ብሎኝ ያንኑ ጥያቄ ደገምኩላት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም።

ቀብራቸውም በዚያው ዕለት ሆነ፤ በእነሱ ሃይማኖት ሬሳ አያድርም። ጠዋት «ደህና ዋይ» ብለውኝ የወጡትን ሰው፣ ሳይመሽ ወንዶቹ ቀብረዋቸው ተመለሱ። እኔ ገና ጠዋቱ ላይ ነበርኩ። ሁሉም ነገር ዞረብኝ። ደንበኛ ስኳር ሲለኝ ጨው ስሰጥ ዋልኩ።

ብርቄ እባላለሁ፤ ሱቄ እዚሁ ኮልፌ፣ ከጋሽ ከድር ግቢ በር ፊት ለፊት ነው። ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፦ መጋረጃ ለሰቀሉላችሁ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው ተጣብቃችሁ ለሄዳችሁ፣ ከእኔና ከእሳቸው ጋር በአንድ እድር ለኖራችሁ። እንደ እኔ ነፍስ ይማር፣ እንደ እሳቸው አላህ ይዘንላቸው። ጽሑፌ ቢዘበራረቅባችሁ ታገሱኝ፤ የተዘበራረቀው ጽሑፌ ብቻ አይደለም።

ሥራቸው መጋረጃ መስቀል ነበር። መስኮት ይለካሉ፣ ጨርቅ ያስመርጣሉ፣ ያሰፋሉ፣ መጥተው ይሰቅላሉ። ደንበኞቻቸው አብዛኞቹ ኮንዶሚኒየም ላይ ናቸው። ብስክሌት ታች ትቶ ፎቅ መውጣት ደግሞ ሲመለሱ በእግር ለመሄድ መዘጋጀት ነው። ታጣፊዋን ብስክሌት ያገኙት እንግዲህ በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንድ ደንበኛቸው ቤት ሲለቅ «ጋሼ፣ ለእርስዎ ትሆናለች» ብሎ ሰጣቸው። እንዴት እንደምትዘረጋ አላሳያቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ራሳቸው ቁጭ ብለው አጠኗት። ከዚያ በኋላ ጋሽ ከድር ሰው ቤት ሲገቡ አንድ እጃቸው ላይ የመጋረጃ ብረት፣ ሌላው ላይ የታጠፈች ብስክሌት ነበር። የሰው ሴራሚክ እንዳይቆሽሽም ከሥሯ የሚያነጥፉትን ጋዜጣ ከቤታቸው ይዘው ይሄዱ ነበር።

ዝናብ ሲሆን በታክሲ ይጭኗታል። አንድ ቀን ፌርማታ ላይ አብሬያቸው ነበርኩ። ረዳቱ ብስክሌቷን ገና ሲያያት እጁን ዘረጋና «ጋሼ፣ ጄኔሬተር አንጭንም!» አላቸው።

«ጄኔሬተር አይደለም ልጄ፣ ሳይክል ነው።»

«ሳይክሉ የታለ ታዲያ?»

«ተኝቷል» አሉት፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ ረዳቱም ምን እንደሚል ግራ ገብቶት አስገባቸው። እስከ ቀራንዮ ድረስ ጭናቸው ላይ አድርገዋት ሄዱ።

ስለ ደግነታቸው ብዙዎቻችሁ ብዙ ትላላችሁ። እኔ አንዱን ልናገር፣ እሱንም ቢሆን በደንብ ሳይገባኝ። አጎቴ ዓይናቸው ማየት ካቆመ ቆይቷል። ለቤታቸው መጋረጃ ላሰራ ብዬ ጋሽ ከድርን ይዣቸው ሄድኩ። ለክተው ይሄዳሉ ስል፣ ጨርቆቹን በሙሉ ዘርግተው አጎቴን ቀለም ማስመረጥ ጀመሩ። «ቀይ አለ፣ ቡናማ አለ። አበባ ያለበት ይሁን ወይስ ዝም ያለ?» አጎቴ ጨርቁን በጣታቸው እየዳበሱ ረጅም ጊዜ አሰቡ። እኔ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን አያለሁ። በመጨረሻ «ቀዩ ይሁን፣ ግን ደማቅ አይሁን» አሉ። ስንወጣ «ጋሽ ከድር፣ ለማያይ ሰው ቀለም ያስመርጣሉ?» አልኳቸው።

«ቤቱ የማን ነው ታዲያ?» አሉኝ። የሰቀሉበትንም ዋጋ አልቀበልም አሉ። ሲቀልዱ ነው ወይስ የምራቸውን ነው ብዬ መንገዱን ሙሉ አሰብኩ፤ አጎቴ ግን ዛሬም እንግዳ ሲመጣ «መጋረጃዬን አያችሁልኝ?» ይላሉ።

አሁን ወደ ብስክሌቷ ልመለስ፤ የዚህ ሁሉ ነገር ማሰሪያ እሷ ናት።

ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ካርቶን ያነጥፉና ያስቀምጧታል። እኔ ሱቄን እየከፈትኩ፣ እሳቸው ብስክሌቷን እየከፈቱ እናወራለን። «ብርቄ፣ ሽንኩርት ዛሬ ስንት ገባ?» «አይጠይቁኝ፣ ወርቅ ሆኗል!» እንዲህ እያልን ሳለ ድንገት ጭጭ ይላሉ። ጥያቄ ጠይቄያቸው መልስ የለም። «ጋሽ ከድር! ከሰው ጋር እኮ ነው የሚያወሩት!» ዝም። ቆይተው ቀና ይሉና «አቤት ብርቄ፣ ምን አልሽኝ?» ሲሉኝ፣ እኔም ተናድጄ «ምንም!» እላለሁ። ትንሽ እናወራለን፣ ደግሞ እንደገና ጭጭ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ይህ ጠባይ ከየት መጣ እያልኩ ግራ ይገባኝ ነበር።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር ነበራቸው። ብስክሌቷን አዘጋጅተው ከጨረሱ በኋላ አይወጡባትም። ኮብልስቶኑን ጨርሰው አስፋልቱ ጋ እስኪደርሱ፣ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው እየገፏት ይሄዳሉ። የሰፈሩ ሰው ስንት ነገር አለ! ወገባቸውን ያማቸዋል ያለ አለ፣ ኮብልስቶን ይፈራሉ ያለ አለ። እኔ ራሴ «ጋሽ ከድር፣ ሳይክሏ እርስዎን ትሸከም እንጂ!» እላቸው ነበር። «አስፋልቱ ላይ እንታረቃለን» ይላሉ፣ ያልፋሉ።

የመጨረሻዋ ጠዋት እንደ ሌሎቹ ጀመረች። ካርቶኑን አነጠፉ፣ ብስክሌቷን ዘረጉ። ከዚያ ቆመው አዩዋትና መልሰው አጠፏት። እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። «ተበላሸች እንዴ?» አልኳቸው።

«አይ፣ እሷ ደህና ናት» አሉኝ።

ወደ ቤት አስገቧትና በእግራቸው ወደ ታክሲው ወረዱ። «ደህና ዋይ» ያሉኝ ያኔ ነው። ለካ ሐኪም ቤት እየሄዱ ነበር፤ በዚያው ቀሩ፤ ደረታቸውን እንዳመማቸው ለባለቤታቸው ለዘይነባ እንኳ አልተናገሩም። እሷ ደህና ናት ሲሉኝ ማን ደህና እንዳልሆነ መጠየቁ አልመጣልኝም። ማንስ ይመጣለት ነበር?

ለቅሶው ሰው በሰው ሆነ። ቤቱ ጠበበና ኮሪደር ላይ የነበረችው ብስክሌት መንገድ ዘጋች። እኛ የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ የሟች ዕቃ አቧራ ለብሶ ለሰው ዓይን አይታይም ብለን በፈሳሽ ሳሙና አጠብናት። መታጠፊያዋ ውስጥ ሳይቀር የአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ እያስገባን ወለወልናት። እንዳትከፈትም በዚያው ቅዳጅ ጥፍር አድርገን አስረን፣ በማዳበሪያ ጠቅልለን ጓዳ አስገባናት። እንደ ክብር ነበር ያየነው።

እንግዳው ሲቀንስና ምንጣፉ ሲጠቀለል ፈቲያ ማዳበሪያውን ፈታችው። ክሊኒክ ውስጥ ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው፤ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ስንት ጊዜ እንዳስረፈዳት ሁላችንም እናውቃለን። ብስክሌት መንዳት አባቷ አስተምረዋታል፤ መዘርጋቱን ግን ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ የሚያደርጉላት። «የአባቴን ሳይክል እኔ ነኝ የምነዳው» አለች። ዘይነባ ጮኸች። «ከቀራንዮ ቁልቁል? በዚች በምትሰበር ነገር? ባሌን ቀብሬ ልጄን ልድገም?» እናትና ልጅ ተያዩ፣ ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ በየቀኑ አይተሻል» አለችኝ ዘይነባ። «እንደ እሱ አድርገሽ አሳያት። አንቺ ደህና ነው ካልሽ ትሂድ። ካላልሽ ቆልፌባት ቁልፉን እውጠዋለሁ።»

«እኔ ምኔ ነው! በሳይክል ላይ ተቀምጬ አላውቅም!» አልኩ። ግን በባሏ ሐዘን ላይ ያለች ሴት እምቢ አይባልም። ካርቶኑን አነጠፍኩ፣ ብስክሌቷን አስቀመጥኩ፣ ከዚያ ደርቄ ቀረሁ። ምኑ ይቀድማል? ያን ሁሉ ጠዋት አየሁ ያልኩት ሰውዬውን ነው ለካ፣ እጃቸውን አይደለም። ብረቱ አንዱ እዚህ ይታጠፋል፣ አንዱ እዚያ፤ ሽቦው ይጠላለፋል። የሰው ልጅ ነፍስ በእኔ ቃል ላይ ተንጠልጥላ እኔ የማስታውሰው የሽንኩርት ዋጋ!

ያው የሽንኩርቱ ወሬ ግን አወጣኝ። ስለ ሽንኩርት የሚጠይቁኝ አጎንብሰው ነበር፤ ስለዚህ መጀመሪያ መሀሏ ላይ ያለውን መታጠፊያ፣ «ወገቧ» የሚሉትን፣ ነበር የሚዘረጉት። ቀጥሎ ጭጭ ይላሉ፤ የወገቧን መቆለፊያ ሲዘጉ መሆን አለበት። ከዚያ ቀና ብለው «ምን አልሽኝ?» ይላሉ፤ ያኔ መሪው የሚቆምበትን «አንገቷን» ያነሳሉ። ደግሞ ጭጭ፤ የአንገቷ መቆለፊያ። አሃ! ለካ እየናቁኝ አልነበረም። ጭጭ የሚሉት ሰው የሚጎዳበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ኮርቻውንና ፔዳሉን ሲያወጡ፣ ፍሬኑን ጨበጥ ለቀቅ ሲያደርጉ ግን ወሬያቸው ሞልቶ ነበር።

«ጣትሽን ከመሀል አውጪ፣ ሽቦው እንዳይቆነጠጥ» እያልኩ ፈቲያን አዘዝኳት፤ ይህንንም እሳቸው ለራሳቸው ሲሉ ሰምቼ ነው። ወገቧን ዘረጋች፣ መቆለፊያውን ገፋች፣ ሁለታችንም ጭጭ አልን። አንገቷን አቆመች፣ እንደገና ጭጭ። ኮርቻውን ስታወጣ ብረቱ ላይ የከፍታው ወሰን የተሰመረበት ጭረት ታየ፤ «ጭረቱ ከታየ በዝቷል» ይሉ ነበርና መልሳ ዝቅ አደረገችው። አለቀ። ሁሉም ተዘግቷል፣ ሁሉም ቆሟል። ፈቲያ እግሯን አነሳች።

«ቆይ!» አልኳት። ለምን እንዳልኩ ራሴም አላውቅም። «አባትሽ እዚህ አይወጡም። እስከ አስፋልቱ ግፊያት።»

«እትዬ ብርቄ፣ እሱ እኮ ወገቡን ስለሚያመው ነው።»

«ግፊ ብያለሁ!»

ገፋች። ኮብልስቶኑ ላይ ስትንገጫገጭ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ፈቲያ «ድንጋዩ ነው» አለች። እኔም ልስማማ ነበር፤ ግን ሳላውቀው አንገቴን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጌ እያዳመጥኩ ነበር፣ ልክ እንደ እሳቸው። አስቆምኳትና ኮርቻውን በሁለት እጄ ወደ ታች ተጫንኩት። መቆለፊያው ተስፈንጥሮ ተከፈተ፤ ብስክሌቷ ከወገቧ በሁለት ታጥፋ እግራችን ሥር ወደቀች። ዘይነባ ከበሩ ላይ «ያ አላህ!» ብላ ቁጢጥ አለች።

የብረቱ መጋጠሚያ ውስጥ የነጠላ ቅዳጅ ተሰንቅሯል። እኛው ያሰርንበት፣ እኛው የወለወልንበት። መቆለፊያው የተዘጋ መሰለ እንጂ ጨርቁን ነክሶ ነበር የቆመው። በትንሽ ጨርቅ! ፈቲያ በጥፍሯ አወጣችው፣ መጋጠሚያውን በደረቁ ጠረገች፣ እንደገና ዘጋች። አሁን የመቆለፊያው እጀታ ጠንክሮ ነው የገባው። ከበሩ ጀምረን እንደገና ገፋናት፤ ጎማው ሲሽከረከር ብቻ ነው የሚሰማው። ሁለተኛ ተጫንኳት፣ አልተነቃነቀችም።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ፈቲያ ወደ እናቷ ዞረች። ዘይነባ እኔን አየችኝ። «ደህና ናት» አልኩ። ዘይነባም እጇን ብቻ ወደ ፊት ወዘወዘች፤ ልጇም ወጥታ ሄደች።

ጋሽ ከድር፣ እንግዲህ እርስዎን ላናግር። ብዙ ነገር ሳያስረዱኝ ሄደዋል፣ ተቀይሜዎታለሁ። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሲስቅብዎ «እየሰማሁ ነው» ቢሉን ምን ነበረበት? የዚያን ጠዋት «ብርቄ፣ ደረቴን አሞኛል» ቢሉኝ ምን ነበረበት? ለምን እንዳላሉኝ አልገባኝም፤ የሚገባኝም አይመስለኝም። ስለ እርስዎ ሳስብ ዛሬም መንገዱ ይጠፋብኛል። የማይጠፋኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ልንገርዎትና በሰላም ይረፉ።

ልጅዎ ስትወጣ ዘይነባ ቤቷ መቀመጥ አልቻለችም። ሱቄ ትመጣና በባንኮኒው አጠገብ ቆማ፣ ስልኳን ይዛ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ትጠብቃለች። እኔም አላናግራትም። ዛሬም እንዲሁ ቆመን ሳለ ስልኩ ጠራ። ደርሳለች፣ ጋሽ ከድር።