ሴት ያቆመችው ቤት

ድሬዳዋ ግንባታ ስማር መምህሮቼ ሁለት ነገር መስክረውልኛል፤ እጄ ግንብ ያውቃል፣ ምላሴ ደግሞ አያርፍም። ሀርጌሳ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ ለተመለሱ ሰዎች ቤት የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ይፈለጋሉ ሲባል ቀድሜ የተመዘገብኩት ብሎኬት ልደረድር ብዬ ነው።

ቤቶቹ የሚሠሩበት የሀርጌሳ ሰፈር፣ አያሃ ስደርስ ፎርማኑ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ጀሪካን ሰጠኝ። የዚያው የሀርጌሳ ሰው ነው፤ ጅጅጋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ አያንስም። "አንቺ ውሃ ታመጫለሽ፤ ግንብ የወንድ ነው" አለኝ። አንጀቴ አረረ። ከውሃ ቦቴው እየተመላለስኩ ስገላምጠው ከረምኩ።

ቀጣዩ ቤት የሚሠራው ባላቸው በጦርነቱ ለሞቱባቸው ሴትዮ ነበር። ሁላችንም ኢዶ እንላቸዋለን፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ከስደተኞች ጣቢያ ተመልሰው ከሴት ልጆቻቸው ጋር በጨርቅና በቆርቆሮ በተጣፈ መጠለያ ይኖራሉ። መሠረቱ ወጥቶ ግንበኞቹ ሊጀምሩ ሲሉ ኢዶ መጥተው መሠረቱ ላይ ቁጭ አሉ።

"ወንድ የሠራው ቤት አልገባም" አሉ።

ወንዶቹ ሳቁ። ድሬ አድጎ ሶማልኛ የሚጠፋው የለምና እኔ ጠጋ ብዬ ጠየቅኋቸው። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በገጠር አቃል የሚባለውን፣ እንጨት ጎብጦ ሰሌን የሚለብሰውን ቤት የምታቆመው ሴት ናት፤ ስለዚህ ቤቱም የእሷ ነው፣ ማንም አይከራከራትም። ስደት ላይ ግን ድንኳኑን የተከሉት ወንዶች ነበሩ። የባላቸው ወንድም "የወንድሜ ነው" ብሎ ገባበት፤ ኢዶ ከነልጆቻቸው ጎረቤት ተጠግተው ከረሙ። ያ ሰውዬ አሁንም ሀርጌሳ ነው፤ ቤት እየተሠራላቸው መሆኑንም ሰምቷል።

"እጄ ያልነካውን ቤት የእኔ ነው ብል ማን ይሰማኛል?" አሉኝ።

ፎርማኑ ለመናቸው፣ ተቆጣቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ፣ ግንበኛ ነኝ ስትዪ አልነበር? ይኸው ግንቢ! ከተጣመመ ግን ይፈርሳል።"

ጀሪካኑን እግሩ ሥር አስቀመጥኩለት።

ቢስሚላህ ብለን ጀመርን። እኔ ሲባጎ ወጠርኩ፣ ኢዶና ሴት ልጆቻቸው ብሎኬት አቀበሉኝ፤ የጎረቤት ሴቶች አቃል ሲያቆሙ የሚዘፍኑትን እየዘፈኑ ሲሚንቶ አቦኩ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው ሥራው በረረልን፤ እኔም አብሬው በረርኩ። አመሻሽ ላይ ፎርማኑ ቱንቢውን ሲያወርድ ግድግዳው መሀሉ ላይ ሆዱን ነፍቷል። ምላሴን እንባዬ ቀደመው።

ኢዶ ፎርማኑን አልጠበቁም። ሲሚንቶው ገና ሳይደርቅ ብሎኬቱን ራሳቸው እየገፉ ጣሉት። "ምን ያስለቅስሻል?" አሉኝ እየሳቁ። "እኛ በየሰፈርንበት ቤት ስናፈርስና ስናቆም ነው ያረጀነው። ነይ ያዢ!"

በማግስቱ እንደገና ገነባን፤ አሁን በዝግታ፣ በየረድፉ ቱንቢ እየጣልን። ፎርማኑ ስህተት ፍለጋ ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ ሲያጣ "ማሻ አላህ" አለ፤ በግዱ ነው፣ ግን አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። እሱም ቢሆን አቧራውን ከሱሪው አራግፎ ጀሪካኑን አነሳና ወደ ቦቴው ሄደ፤ ቤቱ እስኪያልቅ ውሃ ያመጣልን እሱ ነው።

ቆርቆሮው በተመታ ማግስት የኢዶ ባል ወንድም መጣ። ግድግዳውን በከዘራው እየመታ ዞረው። ኢዶ የልብሳቸውን ጫፍ ጨምድደው ያዙ።

"ጥሩ ቤት ነው። ማነው የሠራው?"

ኢዶ ሲሚንቶ የበላው እጃቸውን ዘረጉለት። ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች በአንድ አፍ "እኛ!" አሉ። ሰውየው የሚያናግረው ወንድ ፈልጎ ወደ ፎርማኑ ዞረ።

"እኔን አትየኝ" አለ ፎርማኑ። "እኔ ውሃ ነው ያመጣሁት።"

ሰውየው ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ።

"ልግባ?" አለ።

ኢዶ ልብሳቸውን ለቀቁ።

"ግባ" አሉት። "በቤቴ እንግዳ በር ላይ አይቆምም።"