ጉጉትና የጨለማው መነጽር

የጣውላ መጋዘኑን ዘበኛ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ለሁሉም «ጉጉት» ነበር። በጉብዝናው ወራት፣ በድቅድቅ ጨለማ ከአጥር ሥር የተጋደመችን ድመት ከነቀለሟ ይለይ ነበርና። አሁን ግን ዐይኑ ደክሟል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ለወንድሟ ትንፍሽ አላለችም።

ወንድሟ የመጋዘኑ ንብረት ያዥ ነው። እህቱ ዘበኛ ካገባችበት ቀን ጀምሮ ጉጉትን ሲያይ ፊቱ ይጨፈግጋል። በሩ ላይ የራሱን ሰው ለማስቀመጥ ሲቋምጥ ዓመታት አልፈዋል።

አንድ ቀን የመጋዘኑ ባለቤት በጨለማ የሚያሳይ መነጽር ገዛ። አጠቃቀሙን እንዲያስተምር የታዘዘው ንብረት ያዡ ነበር።

«ስማ ጋሼ ጉጉት! ይህን ቁልፍ ስትጫነው ይበራል። ቀለበቱን እያዞርክ ምስሉን ታጠራለህ። ክዳኑን በቀን እንዳትከፍት፣ ፀሐይ ያበላሸዋል። ገባህ ወይስ በዘፈን ልንገርህ?»

«ገብቶኛል። ምላስህን ሰብስብ።»

«የኔን ምላስ ተወውና ለዐይንህ እዘን!»

አንድ ነገር ግን አልነገረውም። መነጽሩ ፊቱ ላይ ትንሽ መብራት አለችው፤ የምትረጨውን ብርሃን የሰው ዐይን አያየውም። ያ ብርሃን መስታወት ሲያገኝ ተመልሶ መነጽሩን ያሳውረዋል። ጉጉት ደግሞ የሰጋቱራ ብናኝ እንዳይገባበት የዘብ ቤቱን መስኮት ዘግቶ፣ በመስታወቱ እያየ መጠበቅ ልማዱ ነው። ንብረት ያዡ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

የዚያን ማታ ጉጉት መነጽሩን ቢያነሳ የታየው ነጭ ጉም ብቻ ነበር። ቀለበቱን ቢያዞርም ያው ጉም። «አለቀልኝ፤ ዐይኔ ጠፋ» አለ በሆዱ። ጠዋት ባለቤቱ «እንዴት ነው?» ሲለው፣

«ወለል አድርጎ ያሳያል፣ ጌታዬ» ብሎ ዋሸ።

«ውሸታም!» አለ ንብረት ያዡ። «ማታ ፊት ለፊቱ ቆሜ እጄን ሳወዛውዝ እንደ ግንድ ተገትሮ ነበር!»

ባለቤቱ ተቆጣ። «ዛሬ ማታ አጠገብህ እቆማለሁ። ካላየህ በሩን ለሌላ ታስረክባለህ።»

መሸ። የዘብ ቤቱ መብራት ጠፋ። ባለቤቱ ከጉጉት ጎን ቆመ፤ ንብረት ያዡ ወደ ጣውላው ክምር ሄዶ ጨለማው ዋጠው።

«እሺ፣ ምን ይዣለሁ?» ሲል ጮኸ።

ጉጉት አነጣጠረ። ጉም። ምናልባት ብናኙ ይሆናል ብሎ መስታወቱን በእጅጌው ወለወለ። አሁንም ጉም። ከውጭ በኩል ሊወለውለው መነጽሩን ከዐይኑ ሳያወርድ መስኮቱን ገፋ አደረገው። ወዲያው ግቢው በአረንጓዴ ብርሃን ቦግ አለ፤ ጣውላው፣ አጥሩ፣ ሰውየው! ሰውየው ባዶ እጁን ነው። ምላሱን ጎልጉሎ፣ ጣቶቹን ግንባሩ ላይ እንደ ቀንድ አቁሞ ይወዛወዛል።

«ተናገር እንጂ፣ አንተ ዕውር!»

«ምንም አልያዝክም! ምላስህን አስገባ፣ ብርድ ይመታዋል! ቀንድህንም አውርድ፤ እንዳለህ ድሮም አውቃለሁ!»

ባለቤቱ መነጽሩን ነጥቆ ተመለከተና በሳቅ ፈነዳ። ንብረት ያዡ በቁጣ እየሮጠ መጣ።

«መስኮቱን ክፈት ያለህ ማነው?»

የባለቤቱ ሳቅ ቆመ። «መስኮቱ ሲዘጋ እንደማያሳይ ታውቅ ነበር ማለት ነው?»

ባለቤቱ መነጽሩን ለጉጉት መለሰለትና፣ «በሩ ያንተ ነው» ብሎት ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጠላትነታቸውን መሸፋፈን ተዉ። በአንድ ገበታ ሲቀርቡ እንኳ ውሃ አይቀባበሉም፤ ማሰሮዋን ከአንዱ ወስዳ ለሌላው የምታቀብለው እሷ ነበረች፣ የአንዱ ሚስት፣ የሌላው እህት።